ትኩስ ነፋስ ለጋለ ገላ

ሙቀት ለመታው ሰው መጀመሪያ የሚታሰበው በረዶ ነው። መካ ላይ ለሐጃጆች የተሠራው አልጋ ግን በጋለው ገላ ላይ ትኩስ አየር ይነፋል። የጥበቡ ረቂቅነትም እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1980 ለሕክምናው ዓለም ያቀረቡት ሱዳናዊው ሐኪም ሙስጠፋ ኾጋሊና ጆሴፍ ዊነር ናቸው።

በሽተኛው የሚተኛው በተወጠረ መረብ ላይ ነው። ፍራሽ ቢሆን ጀርባውን ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነ ጀርባ ደግሞ ሙቀቱን አይለቅም። ከላይም ከታችም 15 ዲግሪ የሆነ ውኃ እንደ ጉም ደቅቆ ይረጭበታል፤ 45 ዲግሪ የሞቀ አየርም ይነፍስበታል። ሁለቱ ተመዛዝነው ቆዳውን ከ32 እስከ 33 ዲግሪ ላይ ያቆዩታል። ቆዳ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ የደም ሥሮቹ ይኮማተራሉ፤ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ራሱ ሙቀት ይወልዳል። ላዩ በርዶ ውስጡ ይነድዳል። ቆዳው ሞቅ እንዳለ ከቆየ ግን ደም የውስጡን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውኃውም ሲተን ይዞት ይሄዳል። እንስራም ውኃ የሚያቀዘቅዘው እንዲሁ እያላበው ነው። አንድ ግራም ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው ከሰባት እጥፍ ይበልጣል።

ለወጣት ሯጭ ወይም ወታደር በረዶ ያለበት ገንዳ ይፈጥናል፤ ይህ አይካድም። ሐጅ ላይ የሚወድቁት ግን ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ገንዳ ውስጥ ላለ ሰው ክንድ ላይ መርፌ መትከል፣ ትንፋሹን መርዳት ያስቸግራል። መረቡ ላይ ያለውን ግን ሐኪሙም ነርሷም ከየአቅጣጫው ይደርሱበታል።

አልጋው የሚያድነው የደረሰለትን ብቻ ነው። በ2024 ሐጅ በታላቁ መስጊድ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሳዑዲ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን ገልጻለች፤ 83 በመቶው ያለፈቃድ የመጡ፣ መጠለያ ሳይኖራቸው በፀሐይ ብዙ የተጓዙ ነበሩ።

በአልጋው አሠራር እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ማቆሚያው ነው። የውስጥ ሙቀት ወደ 38.5 ገደማ ሲወርድ መርጨቱ ይቆማል፤ 37 እስኪሆን አይጠበቅም። ገላው ከዚያ በኋላም መውረዱን ስለሚቀጥል፣ የዘገየ እጅ ታማሚውን ከልክ በታች ያቀዘቅዘዋል። ለዚህም ሲባል ልኬቱ በፊንጢጣ በኩል ነው፤ የራሰ ብብት ትክክለኛውን አይናገርም።