የፓቾሊ ድርሳንና የቤተሰብ ሱቅ

ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ንግድ መዝገብ አያያዝ አንድ ድርሳን አግብቷል። ዘዴው የቬኒስ ነጋዴዎች እንጂ የእርሱ ፈጠራ አይደለም፤ የእርሱ ድርሻ ሥርዓቱን አብራርቶ መጻፍ ነው። እኛ የምንመረምረው ግን ድርሳኑ ለአንድ የቤተሰብ ሱቅ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ነው።

ደራሲው ሦስት መዝገብ እንዲያዝ ያዛል፤ እነዚህም የማስታወሻ ደብተር፣ ጆርናልና ሌጀር ናቸው። በማስታወሻው ላይ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን አሽከሮቹና መጻፍ የሚያውቁ የቤቱ ሴቶችም እንዲጽፉ ይፈቅዳል። ለቤት ወጪም የራሱን ሒሳብ ይከፍታል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ከመደርደሪያው ወደ ጓዳ የገባ ስኳር ካልተጻፈ በዓመቱ መጨረሻ ዕቃው የተሰረቀ ይመስላልና። በአገራችንም የዱቤ ደብተሩን አጥብቆ የሚይዝ ባለሱቅ ከራሱ ሱቅ የወሰደውን ሳይጽፍ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጉድለቱ ሌላ ነው። ድርሳኑ ደመወዝ ለማይከፈላቸው የቤቱ ሰዎች ድካም ሒሳብ አልከፈተም። ልጅቱ ከትምህርት ቤት መልስ ስትሸጥ የምትውለው ሰዓት በየትኛውም ገጽ አይገኝም፤ ስለዚህ ትርፍ ከሚባለው ከፊሉ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው። አባት ሞቶ ውርስ ሲከፈል ዐሥር ዓመት በሱቁ የቆመችው ልጅ ድካሟን የሚመሰክርላት አንድ መስመር እንኳ አታገኝም።

እንግዲህ ሥርዓቱን ተቀብለን «የቤተሰብ ድካም» የሚል ገጽ ይጨመርበት እንላለን። ገንዘቡ ባይከፈል እንኳ ይጻፍ።