«ኩሽኔታ» ወይስ «ተሸካሚ»? ስለ ሞተር መጋዝ ስያሜዎች የቀረበ አጭር ሂስ

በነቀምቴ ከተማ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ቀበሌ አለ። «በከኒሳ» በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ብሳና የምንለው ዛፍ ነው። ዛፉ በሁለቱም ቋንቋዎች የጠራ ስም ሲኖረው፣ ዛፉን የሚቆርጠው የሞተር መጋዝ ክፍሎች ግን በአማርኛ ጽሑፍ የጸና ስም አላገኙም። ጉድለቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛ እጅና እግር ጉዳይም ነው።

ለማስረጃ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ እንውሰድ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የፍሪሲዮኑ ጫማዎች በሞላ ተስበው ይሰበሰባሉ፤ ዘንጉ ይዞራል፣ ታምቡሩና ካቴናው ግን ይቆማሉ። በዘንጉና በታምቡሩ መካከል ገብቶ ይህን የሚያስችለው መርፌ መሰል ብረቶች የተደረደሩበት ትንሽ ኩሽኔታ ነው። ፍጥነት ሲጨመር ጫማዎቹ ወደ ውጭ ወጥተው ታምቡሩን ይይዛሉ፤ ሁሉም አብሮ ስለሚዞር ኩሽኔታው ያርፋል። እንግዲህ ይህ ዕቃ የሚሠራው መጋዙ ሲቆርጥ ሳይሆን ካቴናው ሲቆም ነው። ግራሶ አጥቶ ከተጣበቀ ታምቡሩን ይዞ ያዞራል፤ ሠራተኛው ቆሟል ብሎ ያመነው ካቴናም ይሄዳል።

ይህን ዕቃ «ተሸካሚ» እንበለው ቢባል፣ ቃሉ አገርኛ በመሆኑ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ዘንጉም ተሸካሚ ነው፤ ምሰሶም ተሸካሚ ነው። «ተሸካሚው ሲላላ ለውጥ» የሚል መመሪያ የትኛውን እንደሚል አይለይም። «ኩሽኔታ» ግን በጣልያንኛ «ትንሽ ትራስ» ማለት ቢሆንም፣ በጋራዦቻችን ለአንድ ዕቃ ብቻ የቆመ ስም ነው። ሞላ፣ ታምቡር፣ ካቴናና ካንዴላም በዚሁ መንገድ ገብተው ለምደዋል። ስለዚህ ኩሽኔታን ተቀብሎ «ባለ መርፌ ኩሽኔታ» እያሉ በአማርኛ ማስፋት የተሻለ ነው እንላለን።

ዋናው ነቀፌታችን ግን ሌላ ነው። የሙያ ቃላት ስንሰበስብ ስሞችን እንለቅማለን፣ ግሶችን እንተዋለን። የኩሽኔታ ምርመራ ግን በግስ የሚነገር ሥራ ነው። መርፌዎቹ ጠፍጠፍ ካሉ «ተበልቷል»፤ ታምቡሩ በእጅ ሲነካ ከወዲያ ወዲህ ከተወዛወዘ «ላልቷል»፤ ብረቱ ከሰማየ «ግሏል»። ሦስቱ ግሶች አንድ አይደሉም፤ «ተበላሽቷል» የሚለው ግን ሁሉንም ይውጣቸዋል። «መፍታት»ም እንዲሁ ያሳስታል፤ በብዙ መጋዞች ፍሪሲዮኑ የሚፈታው ከተለመደው አቅጣጫ በተቃራኒ ስለሆነ፣ አቅጣጫውን ያልጠቀሰ መመሪያ ሠራተኛውን ጥርሱን ያሰብረዋል።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት የሚከተለውን አፈታት እናቀርባለን፦

ባለ መርፌ ኩሽኔታ፤ (ስም) በዘንግና በታምቡር መካከል ገብቶ አንዱ ቆሞ ሌላው እንዲዞር የሚያደርግ፣ ቀጫጭን ተሽከርካሪ ብረቶች ያሉት ዕቃ። ይበላል፣ ይላላል፣ ይጣበቃል፤ ይጠረጋል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ይለወጣል።

የመጨረሻዎቹ ግሶች ለጌጥ አልገቡም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ ኩሽኔታውን የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያደርግ ይነግሩታል። የካቴናው ዘይት ኩሽኔታውን ያለሰልሳል ብሎ እንዳይዘናጋም፣ ግራሶው ራሱን የቻለ ተግባር ሆኖ ተጽፏል።

ቃል መፍጠር የአካዳሚ ሥራ ነው፤ ሠራተኛው የፈጠረውን አዳምጦ መመዝገብም ከዚያ የማያንስ ሥራ ነው።