የአገር ልጅ ሲመለስ፦ የትንሽ ከተማ የመሰባሰቢያ በዓል ይዘትና ቅርጽ

በዓል የሕዝብ የጋራ ድርሰት ነው። ደራሲው አንድ ሰው ባይሆንም ዕቅድ አለው፤ መድረክ አለው፤ ተዋንያንና ተመልካች አለው፤ መክፈቻ፣ ጡዘትና መዝጊያ አለው። ስለዚህም እንደ ማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ ሊመረመርና ሊመዘን ይገባዋል። ይህ ምርመራ በተለይ የሚያስፈልገው ትናንሽ ከተሞች ነዋሪዎቻቸውንና ርቀው የሚኖሩ ተወላጆቻቸውን ለማገናኘት ለሚያሰናዱት የመሰባሰቢያ በዓል ነው። እንዲህ ያለው በዓል ሲመሰገን እንጂ ሲተች ብዙ ጊዜ አይሰማም። አሰናጅ ኮሚቴው የእንግዳውን ብዛትና የተሰበሰበውን ገንዘብ ይዘረዝራል፤ የቀረበው ትርኢት ስለ ከተማይቱ ምን እንደ ተናገረ፣ ለማንስ እንደ ተናገረ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው መሠረታዊ ነው፤ የበዓሉ ባለቤት ማን ነው? ተመልካቹስ?

የተለመደው ዕቅድ ቅርጽ በብዙ ሥፍራ አንድ ዓይነት ነው። በከተማይቱ መግቢያ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ጽሑፍ ይሰቀላል፤ በስፖርት ሜዳው ድንኳን ይተከላል፤ ካናቴራ ይታተማል፤ ከዋና ከተማ ታዋቂ ድምፃዊ ይመጣል፤ የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋል፤ ጨረታ ይካሄዳል፤ በማግሥቱም መኪናው ሁሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። በዚህ ቅርጽ ውስጥ የነዋሪው ድርሻ ምንድን ነው? እናቶች ይጋግራሉ፤ ተማሪዎች ተሰልፈው ያጨበጭባሉ፤ ለአካባቢው ማሲንቆ ተጫዋች ሕዝቡ እስኪሰበሰብ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ከድንኳኑ ጥላ ሥር ወንበር የሚያገኘው መጪው ነው፤ ነዋሪው ከገመድ ወዲያ ቆሞ ያያል። ከተማይቱን ዓመቱን ሙሉ ያቆያት ሰው በገዛ ከተማው በዓል አጃቢ ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ግዛት ገዥ የነበረው ፍራንክ ሮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1899 «የድሮ ቤት ሳምንት» የተሰኘውን በዓል አስጀመረ። ያን ጊዜ የግዛቲቱ ገጠሮች ልጆች እርሻቸውን እየተዉ ወደ ፋብሪካ ከተሞችና ወደ ምዕራቡ ሰፊ መሬት ሄደው ነበር። ሮሊንስ ተወላጆቹ በበጋ ወራት እንዲመለሱ፣ ሲመለሱም ለቤተ መጻሕፍቱ፣ ለትምህርት ቤቱና ለመንገዱ እንዲያስቡ ጥሪ አደረገ። በመክፈቻው ምሽት በየኮረብታው አናት እሳት ነደደ፤ ደመራን የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ምልክት ኃይል ለመረዳት አይቸገርም። በዓሉ ወደ ጎረቤት ግዛቶች ተስፋፋ፤ በአንዳንድ ከተሞችም እስከ ዛሬ ይከበራል። ዳሩ ግን ከበዓሉ ጋር የተሣለው ሥዕል ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጸጥ ያለ፣ ዕድሜ የማይለውጠው መንደር ሥዕል ነበር። በዚያው ዘመን በማንቸስተር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩት፣ ከካናዳ የመጡት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠራተኞች በዚህ ሥዕል ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም ለማለት ይቻላል። በዓሉ የተመለሰውን ሰው ትዝታ አከበረ፤ አዲሱን ነዋሪ ግን ዘነጋ።

ሁለተኛው ምሳሌ አየርላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያስተባበረው «ዘ ጋዘሪንግ» በዓለም የተበተነውን ተወላጅ ወደ አገሩ ጠራ። ቀደም ሲል የአገሩ የባህል አምባሳደር የነበረው ተዋናይ ጋብርኤል በርን ገና ከዋዜማው፣ በ2012፣ ውጥኑ ከተወላጁ ኪስ ገንዘብ ለማውጣት የታቀደ ማታለያ ነው ሲል በይፋ ነቀፈው። ነቀፋው ብዙዎችን አስቆጣ፤ ሆኖም መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ እንደገና ከአገር በሚወጣበት ሰዓት፣ የቀድሞው ስደተኛ ልጅ ለጉብኝት ይጠራ ነበርና። ይሁንና የበዓሉ ሌላው ገጽታም ሊዘነጋ አይገባም። በሺህ የሚቆጠሩት ዝግጅቶች በአብዛኛው የቤተሰቦች፣ የማኅበራትና የትናንሽ ከተሞች የራሳቸው ሥራ ነበሩ። ነዋሪው ራሱ ጋባዥ በሆነበት ሥፍራ በዓሉ ከማስታወቂያነት አልፎ የዘመድ ጉዳይ ለመሆን በቅቷል።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ በአገራችን ከሩቅ ያልመጣ፣ በኮሚቴም ያልተፈጠረ ትልቅ አብነት አለ፤ ይኸውም የጉራጌ መስቀል ነው። መስከረም ሲጠባ በመርካቶና በሌሎች ከተሞች የሚሠራው ተወላጅ፣ ባለሱቁም ሊስትሮውም፣ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጎርፋል። የጥሪ ካርድ አይጠብቅም፤ ቀኑ የታወቀ ነው። የበዓሉ ቅርጽ ብልህነት ያለው ግን በመምጣቱ ሳይሆን በአቀባበሉ ነው። መጪው ከመድረሱ ከብዙ ወራት በፊት ቀዬው ሥራውን ጀምሯል። ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ቆጮው ይዘጋጃል፤ ለሰንጋ መግዣ ገንዘብ ይቆጠባል፤ ልጆች እንጨት ይለቅማሉ። ከሩቅ የመጣው ሰው የሚገባው እነርሱ በጀመሩት ድርሰት ውስጥ ነው። መድረኩም የተከራየ ድንኳን አይደለም፤ መንደሩን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ሣር የለበሰው ጀፎረ ነው። በዚያ ላይ ተመልካችና ተዋናይ የሚለይ ገመድ የለም። ድግሱ ሲያልቅም ጉዳይ አለ፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ጋብቻ ይታሰባል፤ የአካባቢው ችግር ይነሣል። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩት የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር መሥርተው፣ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለማሠራት የተነሡት ከዚሁ ከቀዬው ያልተቆረጠ ግንኙነት በተገኘ ኃይል ነው።

ይህን ሲሉ መስቀሉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ባዶ እጁን ላለመግባት ሲል የሚበደር አለ፤ የሚያሳየው ስለሌለው ከከተማ የሚቀር አለ። ይህም ወደ ይዘቱ ጥያቄ ይመራል። የመሰባሰቢያ በዓል ትልቁ የይዘት ጉድለት መሄድን ድል፣ መቅረትን ደግሞ ዕድለ ቢስነት አድርጎ ማቅረቡ ነው። በመድረክ ላይ የሚጠራው የተሳካለት ብቻ ነው። ሰዎች ለምን ሄዱ? የሄዱት ሁሉ ደረሱ ወይ? የቀሩትስ ምን ተሸከሙ? እነዚህ ጥያቄዎች ከፕሮግራሙ ሲወጡ ከገመድ ወዲያ የቆመው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚማረው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ እርሱም በዚህች ከተማ ለመከበር መጀመሪያ ከእርሷ መውጣት ያስፈልጋል የሚል ነው። ከተማይቱ በራሷ ወጪ ልጆቿን የሚያስኮበልል ትርኢት አሳየች ማለት ነው።

ኪነ ጥበባችን በዚህ ረገድ ከበዓል አሰናጆቹ ቀድሞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ተመላሹን አንበርብርን የሚያመጣው በድል አድራጊነት አይደለም። ተምሮ የወጣው ሰው አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተናግቶ በጣና ዳር ወዳለው የእናቱ ቤት ይገባል። እናቱ የምትቀበለው ምን ይዘህ መጣህ ብላ አይደለም። መንደሩም የደስታ ሥዕል አይደለም፤ ጦርነት ልጆቹን እየነጠቀው ነው። ተመላሹና ቀሪው እርስ በርስ የሚተያዩት በቁስላቸው በኩል ነው። ፊልሙ በአፍሪካ የፊልም በዓል በፌስፓኮ በ2009 ታላቁን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። በዓል አሳዛኝ ፊልም ይሁን የሚል የለም፤ ነገር ግን ከዚህ እውነት ጥቂቱን እንኳ የማይችል ደስታ ላዩን ብቻ የተቀባ ደስታ ነው።

እንግዲህ ከቅርጽና ከይዘት አንጻር ከአሰናጆች የሚጠበቀው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ ከነዋሪው መመንጨት አለበት፤ ኮሚቴው የእድሩን ዳኛ፣ የገበያ ሴቶችን፣ መምህራንንና ተማሪዎችን ማካተት፣ በቅርብ ጊዜ መጥተው የሰፈሩትንም አለመዝለል ይኖርበታል። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ከአዛውንቶች የሰፈር ስሞችን፣ የጠፉ ሥራዎችንና የመሄድ ታሪኮችን ሰብስበው፣ ከየቤቱ የተገኙ ፎቶግራፎችን ለዐውደ ርእይ ቢያቀርቡ፣ ከማንኛውም የተከራየ ትርኢት የበለጠ ሥራ ይሆናል። የአካባቢው ድምፃዊ የምሽቱን ዋና ሰዓት ያግኝ፤ እንግዳው ድምፃዊ ቢመጣም እርሱን ተከትሎ ይዝፈን። ሳይመለሱ የሞቱት ስማቸው ይነሣ። መዋጮ ከተሰበሰበም ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ነዋሪው ይወስን፤ ሒሳቡ በአደባባይ ይነበብ። መጪውም ከሦስቱ ቀን አንዱን ተመልካች ሆኖ ሳይሆን የትምህርት ቤቱን አጥር ሲያድስ፣ ምንጩን ሲያጸዳ፣ ለተማሪዎች የሚያውቀውን ሙያ ሲያስረዳ ያሳልፍ። የዚያን ዕለት ተመላሹ እንግዳ መሆኑ ይቀርና የአገር ልጅ ይሆናል።

በዓሉ የሚመዘነው እንግዳው በገባበት ቀን በነበረው ጭብጨባ አይደለም። መመዘኛው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፣ በሜዳው የቀረው ነዋሪ ስለ ከተማው የሚናገረው ነገር ነው። መምህራን፣ የኪነት ባለሙያዎችና የባህል ዘርፍ ኃላፊዎች ዕቅድ ሲያወጡ ይህን ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊጽፉት ይገባል።