የሽፍታው ልጅና የዳኛው ልጅ፤ «አዋራ» በተባለው የሕንድ ፊልም ደጉና ክፉው ማን ነው?

የሕንድ ፊልም ማየት የለመደ ሰው ክፉውን ከሩቁ ለይቶ ያውቀዋል። ክፉው ብቅ ሲል ሙዚቃው ይለወጣል፤ ጀግናው ግን ልብሱ ቢቀደድ እንኳ ፊቱ አይጠቁርም፤ እየዘፈነ ያልፋል። ስለዚህ ተመልካቹ ማንን መውደድ፣ ማንን መጥላት እንዳለበት ለማወቅ ብዙ አይደክምም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ራጅ ካፑር አዘጋጅቶት ራሱም ዋናውን ሰው ሆኖ የሠራበት «አዋራ» የተባለው ፊልም ላይ ላዩን ሲያዩት ከዚሁ ልማድ የወጣ አይደለም። (ቃሉ በእኛ ቋንቋ ትቢያ ሲሆን በሂንዲ ቤትና ሥራ የሌለው ተንከራታች ማለት ነው። ለባለታሪኩ ሁለቱም ይስማሙታል።)

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ጭብጨባ ነው። ፊልሙን ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን ስናይ፣ ጃጋ የተባለው ሽፍታ ተገድሎ በወደቀ ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም ከማንም ሳላንስ አጨብጭቤአለሁ። ማታ ሳስበው ግን፣ ያጨበጨብነው ፊልሙ ራሱ ያለ ጥፋቱ ተፈረደበት ብሎ በነገረን ሰው ሞት መሆኑ ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሣኝ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዳኛ ራጉናት ጨዋ ከጨዋ፣ ወንጀለኛም ከወንጀለኛ ይወለዳል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጃጋ ሴት በግድ ደፍረሃል ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ ዳኛው በቂ ማስረጃ ሳይኖር፣ አባቱ ወንጀለኛ ስለ ነበረ ብቻ ይፈርድበታል። ጃጋም ከወህኒ አምልጦ ይሸፍትና ደሙን ለመመለስ የዳኛውን ሚስት ሊላን ይጠልፋል። እርጉዝ መሆኗን ባወቀ ጊዜ ግን ሳይነካት በአራተኛው ቀን ይለቃታል። በቀሉን ለባሏ ጥርጣሬ ትቶለታልና ከዚያ በላይ መድከም አላስፈለገውም። ራጉናት ጽንሱ የሽፍታው ነው ብሎ ሚስቱን ከቤት ያባርራታል። ራጅ በመንገድ ዳር ይወለዳል፤ በቦምቤ የድኾች ሰፈር ያድጋል፤ ጃጋም ፈልጎ ያገኘውና ሌብነትን ያስተምረዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የዳኛው ልጅ ሌባ ሆኖ ዳኛው እንዲያየው ነው።

እዚህ ላይ ደራሲው ኬ. ኤ. አባስ የሠራው ሥራ ሊታለፍ አይገባም። ራጉናት የሚለው ስም በራማያና ታሪክ የሚታወቀው የጀግናው የራማ መጠሪያ ነው። ራማም ሚስቱን ሲታን ራቫና ከማረካት በኋላ ሕዝብ ስላማት ሰድዷታል። ሊላ ስትባረር የመንገድ ዘፋኞች የሚዘፍኑት ይህንኑ የሲታን ስደት ነው። እንግዲህ የጀግናው ስም ለዳኛው፣ የራቫናም ቦታ ለጃጋ ተሰጥቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ የሚጀምረው ይህ የራማ ስም ያለው ሰው በምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሞ፣ ራሱ ባሳደጋት ወጣት ጠበቃ በሪታ ሲጠየቅ ነው። የሕንድ ተመልካች ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ጀግና ለፍርድ ማቅረብ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ነገር ግን ድፍረቱ ከመንገድ ይቀራል። ፊልሙ ሊያስረዳን የተነሣው ሰውን የሚያበላሸው ደሙ ሳይሆን ረኀብና ሰፈሩ መሆኑን ነው። ለዚህ ያቀረበው ምስክር ራጅ ነው። ትንሹ ራጅ ለታመመች እናቱ ዳቦ ሊሰርቅ ሲል ተይዞ በታሰረበት ቤት እንጀራ ሲሰጠው ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይሻም። ይሁንና ራጅ የማን ልጅ ነው? የዳኛ ልጅ ነው። በሽፍታ እጅ አድጎ እንኳ ልቡ ሳይከፋ፣ ፍቅር ሲያገኝ ወደ ደግነት ይመለሳል። ይህን የሚያይ ራጉናት፣ «ደሜ አይደለምን!» ብሎ ቢመልስ በምን ይረታል? ፊልሙ እረታዋለሁ ያለውን እምነት በጓሮ በር መልሶ አስገብቶታል።

(በጎን ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ራጉናትን ሆኖ የሚሠራው የራጅ ካፑር የገዛ አባቱ ፕሪትቪራጅ ሲሆን ትንሹን ራጅ የሚሠራው ወንድሙ ሻሺ ነው። አያቱም በችሎቱ ላይ ዳኛ ሆነው ይታያሉ። ደም ዕድል አይደለም የሚለውን ፊልም የሠሩት የአንድ ደም ሦስት ትውልዶች ናቸው።)

ትክክለኛው ምስክር ጃጋ ነበር። ፍርድ ተጓድሎበት የሸፈተ፣ ወንጀለኛ ነህ ስለ ተባለ ወንጀለኛ የሆነ፣ በዘሩም የሚመካበት ሌላ አባት የሌለው እሱ ብቻ ነው። ኬ. ኤን. ሲንግም ይህን የተረዳ ይመስለኛል። እንደ ሌሎች ክፉዎች አይጮኽም፤ ቅንድቡን ብቻ አንሥቶ በቀዝቃዛ ድምፅ ይናገራል። ሚዛኑ ምን ያህል እንደ ተዛባ ለማየት ሁለት ነገሮችን እናስተያይ። ጃጋ በእጁ የወደቀችውን የጠላቱን ሚስት ሳይነካ ሰድዷል። ራጅ ግን በባሕር ዳር ሪታ በጨዋታ አውሬ ብላ ስለ ጠራችው በጥፊ ይመታታል፤ ይህም እንደ ፍቅር ተቈጥሮለት ወዲያው ይታለፋል። ጃጋ በኋላ ብዙ ክፉ ሥራ መሥራቱን፣ በመጨረሻም ሊላን ሊያንቅ ሲል መገደሉን አልክድም። የምለው፣ ለአንዱ ምክንያት ሲፈለግለት ለሌላው የተፈለገለት የለም ነው። በታወቀው የሕልም ክፍል እንኳ ራጅ ከሲኦል ወጥቶ ወደ ሰማይ ሲያርግ ጃጋ እዚያው የጭለማው ወገን ሆኖ ይቀራል።

ይህ የፊልም ነገር ብቻ ቢሆን ባልደከምኩበት ነበር። እንግሊዞች በ1871 ዓ.ም. በሕንድ ባወጡት ሕግ ብዙ ጎሣዎች በትውልዳቸው ወንጀለኞች ተብለው ተመዝግበው፣ እንቅስቃሴያቸው በፖሊስ ይጠበቅ ነበር። ሕጉ በመላው ሕንድ የተሻረው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም «አዋራ» ከታየ ከአንድ ዓመት በኋላ። (ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ የራጉናት እምነት የአንድ ክፉ ዳኛ ጠባይ ሳይሆን በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ የኖረ እምነት ነበር። በዚያ መዝገብ ስማቸው የገባው ደግሞ ጃጋን የሚመስሉ እንጂ ራጅን የሚመስሉ አይደሉም። የዳኛ ልጅ ነኝ ብሎ ሊወጣ የሚችል ከመካከላቸው አልነበረም።

በመጨረሻው ችሎት ራጅ ስለ ራሱ ምሕረት አይለምንም፤ በድኾች ሰፈር ስላሉት ልጆች አስቡ ይላል። ንግግሩ ልብ ይነካል፤ ምናልባት ከፊልሙ ሁሉ የላቀው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ይፈረድበታል፤ ሪታም እጠብቅሃለሁ ትለዋለች። ራጉናት ወደ ወህኒ ቤት ይመጣና በብረቱ አጠገብ ቆሞ ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል። ከዓመታት በፊት ያለ ማስረጃ ወደ ወህኒ የሰደደው ሌላው ወጣት ግን ሞቷል፤ የፍርዱንም መዝገብ መልሶ የሚከፍት አልተገኘም።