በሳቅ የተገራ ጆሮ

የሲትኮም ደራሲ ከብዕሩ በፊት የሚገራው ጆሮው ነው። ተዋናዩ ቀልዱን ሲጥል ሳቁ የት ጋ እንደሚነሳ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ቀጣዩ ቃል መቼ መግባት እንዳለበት የሚለካው በጆሮው ነው። እንጀራዬ ይኸው ሙያ ስለሆነ፣ ከቴሌቪዥን ኮሜዲ ወደ ፊልም ዳይሬክተርነት የተሻገሩ ሰዎችን ሥራ ደጋግሜ አያለሁ። አብዝቼ የምመለሰው ወደ አሜሪካዊው ጄምስ ኤል. ብሩክስ ነው።

ብሩክስ ወጣት ሳለ በሲቢኤስ የዜና ክፍል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ከአለን በርንስ ጋር «ዘ ሜሪ ታይለር ሙር ሾው»ን ፈጠረ። በሚኒያፖሊስ ቴሌቪዥን ጣቢያ የዜና ክፍል ውስጥ የምትሠራ፣ ሜሪ የተባለች ያላገባች ሴት ታሪክ ነው። የሚቀረጸው ስቱዲዮ በተቀመጠ ተመልካች ፊት ነበር። እዚያ ደራሲው የሃያሲ አስተያየት አይጠብቅም፤ ሰው ካልሳቀ ቀልዱ አልሠራም ማለት ነው።

ዴቪድ ሎይድ የጻፈውና በ1975 የተላለፈው የዚሁ ሾው አንድ ክፍል እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቸክልስ የተባለ የልጆች ፕሮግራም ክላውን ኦቾሎኒ መስሎ ለብሶ ሰልፍ ሲወጣ ዝሆን ሊፈለፍለው ሲሞክር ይሞታል። ባልደረቦቿ በሟቹ እየቀለዱ ሲስቁ ሜሪ ትቆጣቸዋለች። ሽኝቱ ላይ ግን ሌላው ሁሉ ጭጭ ሲል ሳቁ የሚያመልጣት እሷን ነው። አፏን ብትይዝም አልሆነላትም። ሰባኪው ያስነሳትና ቸክልስ ሰውን ማሳቅ ይወድ ስለነበር እንዳትሸማቀቅ፣ እንድትስቅ ይነግራታል። ይኼኔ ሜሪ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ሳቁ ሲከለከል ገንፍሎ ወጣ፣ ሲፈቀድ ጠፋ፣ በቦታው እንባው መጣ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟቹ ወግ ሲነሳ ሳቅ ያመለጠው፣ ነጠላውን አፉ ላይ የጫነ ሰው ይህን ትዕይንት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ብሩክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ያዘጋጀው በዚህ ጆሮ ነው። የላሪ ማክመርትሪን ልቦለድ ወስዶ በ1983 «ተርምስ ኦቭ ኢንዲርመንት»ን ሠራ። በካንሰር የምትሞት ወጣት እናትና የራስዋ እናት ታሪክ ነው። ጃክ ኒኮልሰን የተጫወተው ጡረተኛ ጠፈርተኛ ልቦለዱ ውስጥ የለም፤ ብሩክስ የጨመረው ነው። የሲትኮም ሰው መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ እየከበደ እንደሚሄድ አስቀድሞ አውቆ፣ ተመልካቹ የሚተነፍስበትን ሰው ከመጀመሪያው አስገባ።

የሆስፒታሉን ትዕይንት ተመልከቱ። የልጅቱ ማስታገሻ መርፌ ሰዓቱ አልፏል። እናትየዋ፣ ሸርሊ ማክሌን፣ ነርሶቹ የተቀመጡበትን ጠረጴዛ እየዞረች አንዷን ትለምናለች፣ ሌላዋን ትማጸናለች፤ በመጨረሻ ጩኸቷ ኮሪደሩን ይሞላዋል። ነርሶቹ ተሯሩጠው ሲሄዱ በአንድ ጊዜ ወደ ጨዋ እመቤትነቷ ተመልሳ፣ ድምፅዋን አለስልሳ ታመሰግናቸዋለች። ሳቅና እንባ አንድ ላይ የሚመጡት በዚያች ምስጋና ነው። ምስጋናዋ ትንሽ ብትዘገይ ሳቁ ይሞታል፣ ብትፈጥን ደግሞ ጩኸቱ ቀልድ ይመስላል።

ከቴሌቪዥን የሚመጣን ሰው የሚፈትነውም ይኸው ነው። ፊልም ሲቀረጽ የሚስቅ ሰው የለም፤ «አክሽን» ከተባለ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ዳይሬክተሩ ከወራት በኋላ ሲኒማ ቤት የሚሰማውን ሳቅ ዛሬ፣ በጸጥታ ውስጥ መስማት አለበት። ብሩክስ ያን መስማት ችሏል፤ በዚያ የመጀመሪያ ፊልሙ ለምርጥ ፊልም፣ ለዳይሬክተርነትና ለስክሪፕት ሦስት ኦስካር ወሰደ።

ያው ጆሮ ግን ጎድቶታልም። በ1994 የወጣውን «አይል ዱ ኤኒቲንግ» የሠራው ሙዚቃዊ ፊልም አድርጎ ነበር። በሙከራ የታየላቸው ተመልካቾች ስላልወደዱት ዘፈኖቹን ከፊልሙ ቆርጦ አወጣ። ተመልካችን ማዳመጡን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ቀልድ አልሠራ ሲል አንድ መስመር ይቀየራል እንጂ ታሪኩ የቆመበት ምሰሶ አይነቀልም። ፊልሙም አልተሳካም።

ብሩክስ ፊልም ቀመስኩ ብሎ ቴሌቪዥንን አልተወም። «ብሮድካስት ኒውስ»ን በ1987 ካዘጋጀ በኋላ እንኳ፣ በ1989 ከማት ግሮኒንግና ከሳም ሳይመን ጋር «ዘ ሲምፕሰንስ»ን ወደ ሙሉ ፕሮግራም አሳደገ፤ በ1997 ደግሞ «አዝ ጉድ አዝ ኢት ጌትስ»ን ይዞ መጣ። በእኛ ሙያ አንድ የሲትኮም ደራሲ ፊልም ከሠራ ወደ ሳምንታዊ ድራማ መመለስን እንደ ውርደት ሲቆጥር አያለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ለፊልሙ የሚያስፈልገው ጆሮ የሚገራው በየሳምንቱ ሥራ፣ ሰው ሲስቅና ሳይስቅ እየሰሙ ነው። ሲኒማ ቤት ስማቸው በትልቁ የተጻፈ ባልደረቦቼ አንድ ሲዝን እንኳ ተመልሰው አብረውን ቢጽፉ፣ ለጀማሪዎቹም ለቀጣዩ ፊልማቸውም ስል በብርቱ እመኛለሁ።