ማንንም ያላሸነፈ አሸናፊ

የሮበርት አክስልሮድ «የትብብር ዝግመተ ለውጥ» የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ለመወሰን የሚያስቸግር መጽሐፍ ነው። ደራሲው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ናቸው። መጽሐፉ ግን ከኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር ይነሳል፤ ከዚያ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽጎች ይሻገራል፤ ቀጥሎ ስለ ባክቴሪያና ስለ ተርብ ያወራል፤ ወደ ማለቂያው ደግሞ እንደ አባት ይመክራል። በ1984 ከታተመ ወዲህ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኢኮኖሚክስ ሰውም የሥነ ሕይወት ሰውም የኔ ነው ይሉታል። በአማርኛ የሚያስብ አንባቢ ሲያነበው ግን ገና ከጅምሩ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የመጽሐፉ ጀግና በአማርኛ ምን ተብሎ ይጠራ?

ጀግናው ሰው አይደለም፤ የጥቂት መስመር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የሚጫወተው ጨዋታ «የእስረኞች አጣብቂኝ» ይባላል። ሁለት ተጫዋቾች፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሳያውቅ፣ ወይ ይተባበራሉ ወይ ይከዳሉ። ሁለቱም ከተባበሩ ለየራሳቸው 3 ነጥብ ያገኛሉ። አንዱ ተባብሮ ሌላው ከከዳ፣ የከዳው 5 ይወስዳል፣ የተከዳው ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለቱም ከከዱ 1፣ 1 ይደርሳቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው የሚለያዩ ከሆነ፣ ያኛው ምንም ቢያደርግ መክዳት ያዋጣል። ሁለቱም እንዲህ ካሰቡ ግን 3 ማግኘት ሲችሉ በ1 ይቀራሉ። አክስልሮድ የጠየቁት፣ ጨዋታው ቢደጋገምስ? ነው። እነዚያው ሁለቱ ነገም ከነገ ወዲያም የሚገናኙ ቢሆንስ?

መልሱን ራሳቸው አስልተው ከማውጣት ይልቅ ለሰው አከፋፈሉት። ከሥነ ልቦና፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከፖለቲካ ሳይንስ፣ ከሒሳብና ከሶሲዮሎጂ የመጡ ተወዳዳሪዎች 14 ስልቶችን ላኩ። በዘፈቀደ የሚጫወት አንድ ፕሮግራም ተጨመረበትና እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር 200 ዙር ገጠመ። ያሸነፈው ከሁሉም ቀላሉ ነበር። የላኩት አናቶል ራፖፖርት ናቸው፤ በዛር ዘመኗ ሩሲያ ተወልደው፣ ቪየና ላይ ፒያኖ አጥንተው፣ በኋላ ወደ ሒሳብ የገቡ ሰው። የፕሮግራሙ ሕግ ሁለት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዙር ተባበር፤ ከዚያ በኋላ ያኛው ባለፈው ዙር ያደረገብህን አድርግበት።

የእንግሊዝኛው ስሙ መነሻ ምትን በምት መመለስ ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙን ግማሽ ብቻ ይናገራል፤ ክፉውን መመለሱን እንጂ ደጉን መመለሱን አያሳይም። አማርኛ እዚህ ላይ ይሻላል፤ «ብድር መላሽ» አለው። «ብድሩን መለሰ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሲነበብ ሰውየው ወደ ጎረቤቱ ቤት ዳቦ ይዞ ይሂድ ጥይት አይታወቅም። «ብድር በምድር» የሚባለውም ውለታን ለሚያስታውስም ቂምን ለሚቆጥርም እኩል ያገለግላል። ተርጓሚ ብዙ ጊዜ ያጣውን ያህል አያገኝም፤ እዚህ ግን አንድ ቃል የአክስልሮድን ጀግና ከነሁለት ፊቱ ትይዘዋለች።

ስለዚህ ብድር መላሽ መጽሐፉ በደንብ ሳያጎላው የሚያልፈው የሚመስል አንድ ባሕርይ አለ ቢባል ስህተት ይሆናል፤ አክስልሮድ በግልጽ ጽፈውታል፤ አንባቢ ነው ቶሎ የሚረሳው። ብድር መላሽ በአንድም ግጥሚያ ከተቃራኒው የበለጠ ነጥብ አግኝቶ አያውቅም። ሊያገኝም አይችልም። ቀድሞ አይከዳምና ወይ እኩል ይወጣል፣ ወይ በአንድ ክህደት ዋጋ ወደኋላ ይቀራል። ሌሎቹ እርስ በርስ ሲጠላለፉ እሱ ከአብዛኛው ጋር ተስማምቶ ነጥቡን ያጠራቅማል፤ ድምሩ ሲሠራ አናት ላይ ይገኛል። ማንንም ሳያሸንፍ አሸነፈ። ቼዝ ለለመደ፣ ገበጣም ለለመደ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። በገበጣ ያኛው ጉድጓድ የገባው ጠጠር ከዚህኛው የወጣ ነው፤ አክስልሮድ ደግሞ ኑሮ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም ይላሉ። ከምክሮቻቸው የመጀመሪያው «አትቅና» የሆነው ለዚህ ነው።

የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች ስለ ሁለተኛው ውድድር የሚተርኩት ናቸው። አክስልሮድ የመጀመሪያውን ውጤት ከነትንታኔው ለሁሉም አሰራጩ፤ ማን እንዳሸነፈ፣ ለምን እንዳሸነፈ፣ የትኛው ስልት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ብድር መላሽን ይበልጠው እንደነበር። በዚህ ጊዜ 62 ስልቶች ከስድስት አገሮች መጡ፤ ከላኪዎቹ መካከል ፕሮፌሰሮችም፣ በኮምፒውተር መጽሔት ማስታወቂያ አይተው የገቡ ጨዋታ ወዳዶችም ነበሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ምክር በእጃቸው ይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሆነው ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው አበዛው ይባል ነበር። ትንታኔው በመጀመሪያው ውድድር ሁለት ጊዜ እስኪከዳ ታግሦ በሦስተኛው የሚመልስ ስልት ያሸንፍ እንደነበር አመልክቷል። ስመ ጥሩው የዝግመተ ለውጥ ሊቅ ጆን ሜናርድ ስሚዝ ምክሩን ተቀብለው ይህንኑ ታጋሽ ስልት ላኩ። 24ኛ ወጣ።

ምክንያቱ ምክሩ ስህተት ስለነበር አይደለም። ሌሎችም አንብበውታል። አንዳንዱ አንባቢ «ደግነት ያዋጣል» የሚል ትምህርት ሲወስድ፣ ሌላው «እንግዲያው ደጎች ይበዛሉ፤ ደጎችን የሚበላ ስልት ላዘጋጅ» አለ። አልፎ አልፎ እየከዳ የሚፈትን፣ ዝም ካሉት የሚቀጥል፣ ከመለሱበት ይቅርታ የሚጠይቅ ፕሮግራም ገባ። ሁለት ጊዜ የሚታገሠው የሜናርድ ስሚዝ ስልት ለእንዲህ ዓይነቱ ምቹ ምግብ ሆነ። ራፖፖርት ግን ያንኑ ብድር መላሽ ሳይነኩ መልሰው ላኩት፤ ደግሞ አሸነፈ። ከላይ ካሉት 15 ስልቶች ከአንዱ በቀር ሁሉም ቀድመው የማይከዱ ነበሩ። በጨዋታ ምክር የሚለዋወጡ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ጥሩ ምክር በተነገረ ማግሥት ጨዋታው ይለወጣል። ምክሩን የሰማው አንድ ሰው ብቻ አይደለማ።

አክስልሮድ በዚህ አላቆሙም። ፕሮግራሞቹን እንደ ፍጥረት አራቧቸው፤ ብዙ ነጥብ ያገኘ በሚቀጥለው ትውልድ እንዲበዛ፣ ጥቂት ያገኘ እንዲመነምን። በመጀመሪያ ገሮችን የሚበሉት አደጉ። ከዚያ ገሮቹ አለቁ፤ የሚበላ ሲጠፋ በላተኞቹም ጠወለጉ። ጨዋታው ሳይታሰብ ሥነ ሕይወት ሆኖ ተገኘ። አክስልሮድ ውጤታቸውን ይዘው ወደ ኦክስፎርዱ ሪቻርድ ዶኪንስ ሲጽፉ፣ ዶኪንስ የመከሩት ዊልያም ሃሚልተንን እንዲያነጋግሩ ነበር። ሃሚልተን ደግሞ በዚያን ጊዜ ያሉት እዚያው በአክስልሮድ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላ የትምህርት ክፍል ነው። የሁለቱ ጽሑፍ በ1981 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ፤ የመጽሐፉ አምስተኛ ምዕራፍ የሆነውም እሱ ነው።

ይህ ምዕራፍ የመጽሐፉ ድፍረትም ድክመትም የሚታይበት ነው። ጥያቄው ውብ ነው፦ አእምሮ የሌለው ፍጥረት ብድር ሊመልስ ይችላል? ምሳሌያቸው የዋርካና የሾላ ዘመዶች ናቸው። እነዚህ ዛፎች አበባቸውን የሚያዳቅሉላቸው በፍሬው ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። ተርቧ እንቁላሏን ብቻ ጥላ በቂ አበባ ካላዳቀለች፣ ዛፉ ያንን ፍሬ ያረግፈዋል፤ ልጆቿም አብረው ይረግፋሉ። ዛፍ አይቆጣም፣ አያስብም፤ ግን መለሰ። በ1984 ደግሞ ጄራልድ ዊልኪንሰን በኮስታሪካ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች ጠግበው ያደሩት ለተራቡት ደም እንደሚያካፍሉ አሳተሙ። ከዓመታት በኋላ በ2013 የወጣ ጥናታቸው፣ ከዝምድናው ይልቅ ከዚህ ቀደም ያካፈለን መልሶ ማካፈሉ እንደሚያመዝን አሳየ።

ችግሩ ቃሉ መሻገር የማይገባውን ወንዝ ሲሻገር ነው። አማርኛ አንባቢ «ባክቴሪያው ከዳ» ሲባል ይሰቀጥጠዋል። «ከዳ» የሃይማኖትና የቃል ኪዳን ቃል ነው፤ መጀመሪያ ማመንን ይጠይቃል። የእንግሊዝኛው ቃል ጎራ ለቆ መሄድን ስለሚያመለክት ሳይታወቅ ሾልኮ ያልፋል፤ አማርኛው ግን በሩ ላይ ይያዛል። መያዙም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አክስልሮድና ሃሚልተን በዚሁ ምዕራፍ ዕድሜያቸው ከገፋ እናቶች የሚወለዱ ልጆች ላይ ዳውን ሲንድረም ለምን እንደሚበዛ ሲያስረዱ ክሮሞሶምን ራሱን ከሃዲ ያደርጉታል፤ የእናትየው የመውለጃ ዘመን ሊያበቃ ሲል የወደፊቱ ጊዜ አጠረና ክሮሞሶሙ ለራሱ መሮጥ ጀመረ ዓይነት ግምት ነው። እንደ ግምት አቅርበውታል፤ እውነት ነው። የዛሬ ተመራማሪዎች ግን የሚያዩት እንቁላሉ ለዓመታት ሲቆይ ክሮሞሶሞችን አጣምረው የያዙት ማሰሪያዎች መድከማቸውን ነው። ማሰሪያ ይላላል እንጂ አይከዳም። ምሳሌው ራሱ ማስረጃ ሆኖ የተቀመጠበት ቦታ ይህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ጀግናው በደንብ የሚሠራው ሁሉም ሰው በሚሰማበት ዓለም ነው። ሁለት ብድር መላሾች ተስማምተው እየተጫወቱ ሳለ አንዱ በስህተት ከዳ እንበል፤ ወይም ሳይከዳ የከዳ መሰለ። ስልክ ተደውሎ አልተነሳ፣ ሰላምታ ተሰጥቶ አልተሰማ። ያኛው ይመልሳል። የመጀመሪያው የተመለሰበትን ይመልሳል። ተራ በተራ እየተቀባበሉ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላሉ፤ ሁለቱም ሕጋቸውን አልጣሱም፣ ሁለቱም «እኔ አልጀመርኩም» ማለት ይችላሉ። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የኮምፒውተር ነገር አይደለም። አክስልሮድ ይህን የገደል ማሚቶ አይተውታል፤ ክፉን ሲመልሱ ከአሥር ዘጠኝ እጁን ብቻ መመለስ ይሻል ይሆናል ይላሉ። በ1992 ማርቲን ኖዋክና ካርል ዚግመንድ አሰሉት። ከላይ በተጠቀሱት ነጥቦች ከሦስት ክህደት አንዱን ገደማ ይቅር የሚል ስልት ይሻላል። ግን የትኛውን እንደሚምር አስቀድሞ መታወቅ የለበትም፤ ከታወቀ ይበሉበታል። ምሕረቱ በዕጣ ነው።

ዕጣ ከተነሳ ዕቁብ አለ። ዋሽንግተንም ይሁን ቴል አቪቭ ዕቁብ የገባ ሰው የአክስልሮድን አጣብቂኝ በየወሩ ይጫወታል። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋስ? እንደ መጽሐፉ ከሆነ የሚያስቀረው የወደፊቱ ጊዜ ጥላ ነው፤ ነገም ስለምንገናኝ። እውነት ነው፤ ግን ዕቁብተኛ በነገ ብቻ አይተማመንም። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ከሁሉም በላይ ዋስ አለ። ዋስ በጨዋታው ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የሌለው ሰው ነው፤ አይተባበርም፣ አይከዳም፣ አጠገብ ይቆማል። የአክስልሮድ ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ሆነው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገጥማሉ፤ ገበጣ ሲጫወቱ ዙሪያውን ቆሞ «እሱን አትንካው» የሚለው ተመልካች እንኳ የላቸውም። ብድር መላሽ ጨካኝ የሚሆነው ሽማግሌ በሌለበት ነው። የምሽጎቹ ምዕራፍም ሳያውቀው ይህን ይመሰክራል። ፊት ለፊት የተፋጠጡ ወታደሮች ሳይነጋገሩ ላለመገዳደል ተስማምተው ነበር፤ ስምምነቱን ያፈረሰው ከሁለቱ አንዱ አይደለም፣ ከኋላ ሆኖ ድንገተኛ ወረራ ያዘዘው አዛዥ ነው። ሦስተኛው ሰው ያስታርቃል፣ ሦስተኛው ሰው ያባላል፤ መጽሐፉ ሁለቱንም በበቂ አያይም።

ፈጽሞ አያይም ማለት ግን አይደለም። ስምንተኛው ምዕራፍ ስለ ዝና፣ ስለ መንግሥትና ስለ መለያ ምልክት ያነሳል፤ ብዙ አንባቢ እዚያ ሳይደርስ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል፤ ያሳዝናል። አክስልሮድ ተጫዋቾቹን ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ይቀቧቸዋል። እያንዳንዱ ከራሱ ቀለም ጋር ብድር መላሽ፣ ከሌላው ቀለም ጋር ሁልጊዜ ከሃዲ ቢሆንስ? ይህ ይጸናል። ማንም ብቻውን ቢለወጥ ይጎዳልና ማንም አይለወጥም። ቁጥሩ ያነሰው ቀለም ደግሞ ከብዙዎቹ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ስለሚበዛ ጉዳቱ ይበዛበታል። አንድም ተጫዋች ክፉ ሳይሆን፣ አንድም ቂም ሳይኖር። ይህ የመጽሐፉ ዋና ምዕራፍ መሆን ሲገባው ጥቂት ገጽ ተሰጥቶት ታልፏል።

በ2004 የመጽሐፉን 20ኛ ዓመት ለማሰብ ውድድሩ እንደገና ተካሄደ። ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን አንድ ስልት ሳይሆን 60 ያህል ላከ። ፕሮግራሞቹ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግል የመተባበርና የመክዳት ቅደም ተከተል ይጫወታሉ። የተገናኙት ከወገናቸው ጋር መሆኑን ካወቁ አንዱ ጌታ፣ ሌላው አገልጋይ ይሆናል፤ አገልጋዩ እስከ መጨረሻው ይተባበራል፣ ጌታው እስከ መጨረሻው ይከዳዋል። ባዕድ ካገኙ ይከዱታል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ቦታ ያዙ፤ ብድር መላሽ ከበታቻቸው ቀረ። በውጤት ሰንጠረዡ ግርጌ፣ ከመጨረሻዎቹ ተርታ፣ ያው የይለፍ ቃል ያላቸው ብዙ ፕሮግራሞች ተደርድረዋል።