በ94 የፈላው ውሃ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ የሳይንስ ቀን አለን፤ መጥተው ይዩልን» አለችኝ። ፋሲሎ ውስጥ ደጅ ለደጅ ነን፤ ፊደል ስትቆጥር ጀምሮ አውቃታለሁ። የሥነ ጽሑፍ ሰው የሳይንስ ትርኢት ላይ ምን ይሠራል እንዳትሉኝ። ድሮም እንጀራዬ ሰው የሠራውን አይቶ አስተያየት መስጠት ነበርና ሄድኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ገመናው የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም።

አዳራሹ ያምራል። ከካርቶን የተቆረጠ ልብ፣ ከጭቃ የተሠራ ኩላሊት፣ ከሃይላንድና ከፊኛ የተሠራ ሳንባ፣ በቆርኪ የተደረደረ አቶም፣ በክር የተንጠለጠሉ ፕላኔቶች። በየሥራው ግርጌ «በአካባቢ ከሚገኙ ቁሳቁሶች የተዘጋጀ» የሚል ጽሑፍ አለ። እንግዶቹም «ድንቅ ነው!» እያሉ ፎቶ ያነሳሉ።

የኔዋ ልጅ ጥግ ላይ ነበረች። የከሰል ምድጃ፣ በላዩ ብረት ድስት፣ ውስጡ ቴርሞ ሜትር። ከጀርባዋ በትልቁ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውሃው ይንተከተካል። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ እኮ 94 ነው የሚለው።»

«አዎ ጋሼ። ቴርሞ ሜትሩ ልክ አይደለም። ቲቸር 100 ብለሽ ጻፊ ብለውኛል።»

ቴርሞ ሜትሩ ግን ልክ ነበር። ጣና ያለው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት ምጽዋ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ውሃው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚታገለው ጫና ስለሚቀንስ ቀድሞ ይፈላል። ምጽዋ ላይ በ100፣ ባሕር ዳር በ94 አካባቢ፣ አዲስ አበባ በ92፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ደግሞ በ85 ገደማ። ደጋ ላይ ባቄላ ሲቀቀል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ውሃው ቢፈላም ሙቀቱ የቆላውን አያህልም። እናቶቻችን ነገሩን በድስታቸው ያውቁታል። መጽሐፉም ቢሆን አልዋሸም፤ 100 የሚለው በባሕር ወለል ግፊት ነው። ያቺ ሐረግ ከመጽሐፉ ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ ደብተር ስትሻገር ጠፋች እንጂ።

እንግዲህ አስቡት። ይህቺ ልጅ በአንድ ድስትና በአንድ እፍኝ ከሰል የከተማዋን ከፍታ ልትገምት ትችል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ እውነተኛ ሳይንስ የሠራችው እሷ ናት። እኛ ግን ያገኘችውን አስጥለን የኛን አስጻፍናት።

የኔ ሂስ እዚህ ላይ ነው። ስለ ሳይንስ ትምህርት ሲነሳ የምንጮኸው «ቤተ ሙከራ የለም፣ ዕቃ የለም» እያልን ነው። እውነት ነው፣ የለም። ግን ዕቃ ቢጠፋ ነገር የሚቆም አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ቤተ ሙከራቸው ለወደመባቸው አገሮች መምህራን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ በተራ ዕቃ ሙከራ መሥራትን የምታሳይ። እያደገች ሄዳ በ1956 ትልቅ የመምህራን መጽሐፍ ሆነች። በኛም አገር በደርግ ጊዜ በየአውራጃው ፔዳጎጂካል ሴንተር ተከፍቶ ነበር፤ ኋላም በየትምህርት ቤቱ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ችግሩ ክፍሉ ብዙ ቦታ የሚከፈተው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ መሆኑ ነው። የካርቶኑ ልብ አቧራ ለብሶ ይከርማል እንጂ ተማሪ አይነካውም። ቢነካውስ? የካርቶን ልብ አይመታም፤ አይጠየቅም። የመጽሐፉን ሥዕል በካርቶን መገልበጥ ያው ግልበጣ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ መጣልን። ሙከራውን በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ይሠራዋል፤ ልጆቻችን ያያሉ፤ መምህሩ በተረፈችው ደቂቃ ይቃኛል። የሌላ ሰው እጅ አይቶ እጅ የፈታ ማን አለ?

ሕንዶች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት፣ ሆሻንጋባድ በሚባል አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በ16 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተጀመረ ሥራ ነበር። ልጆቹ ሳይንስን የሚማሩት በቀላል ዕቃ ራሳቸው እየሠሩ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ዕቃው አይደለም፤ ፈተናው ነው። ልጁ መጽሐፉን ከፍቶ ይፈተናል፤ በእጁም ሠርቶ ያሳያል። መጽሐፉ ፊቱ ካለ መሸምደድ ምን ይረባዋል? ሥራው ሠላሳ ዓመት ዘልቆ በ2002 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ዘጋው። ጥሩ ነገር የሚዘጋው እኛ ጋ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መምህሩን ብቻ እንዳልወቅስ የራሴንም ልናገር። ሳስተምር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንት ዓመት አስተማርኩ። ጉዱ ካሳ የለውጥ ድምፅ ነው ብዬ አጽፋለሁ፤ ተማሪውም ያንኑ ይመልስልኛል፤ እኔም «ኤ» እሰጣለሁ። ልቦለዱን ሳያነቡ «ኤ» ያገኙ እንደነበሩ ዛሬ አልጠራጠርም። አንድ ዓመት አንዱ «ጉዱ ካሳ ከመናገር በቀር ምን ሠራ?» ብሎ ጻፈ። ገጽ እየጠቀሰ ነበር የተከራከረው። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። ያ ልጅ በራሱ ዓይን ያነበበ ነበር፤ 94 ያየ። እኔ 100 ጻፍ አልኩት።

«አንተ ምን አለብህ፣ ስልሳ ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ ደመወዙ ወር ሳይደርስ አልቆ፣ መምህሩ ምን ያድርግ?» የሚለኝ አለ። ልክ ነው። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንኳን ሙከራ ደወልም ሳያሰሙ ከርመዋል። ይሁንና የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ደንግጠን ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ስለ ኩረጃ አወራን። ያየችውን ትታ የተነገራትን እንድትጽፍ የተማረች ልጅ፣ ከጎረቤቷ ወረቀት ብትጽፍ ምኑ ይገርማል? መገልበጥን ያስተማርናት እኛው ነን።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የትምህርት ቤት ልጆች ሳይንስን በእጃቸው የሚሞክሩበት የስቴም ማዕከል አለ፤ ደስ ይላል። ግን ስንቱን ልጅ ሊይዝ ነው? ለቀሩት ጣና አለላቸው። ታንኳ ለምን ይንሳፈፋል? ሲውል ሲያድርስ ለምን ይከብዳል? ባለታንኳውስ ለምን አውጥቶ ፀሐይ ያሰጣዋል? አንድ እንጨት ደንገልና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል። የሚያስፈልገው «እስቲ ያየሽውን ንገሪኝ» የሚልና መልሱን የማይፈራ ሰው ነው።

ልወጣ ስል ተመልሼ ለልጅቷ «ቴርሞ ሜትሩ ልክ ነው» አልኳት፤ ምክንያቱንም በምችለው አስረዳኋት። ወረቀቱን ቀና ብላ አየችው፤ ቀጥሎ መምህሯን።

«ታዲያ ምን ልጻፍ ጋሼ?»

«ያየሽውን» አልኳት። ቀላል መልስ ነው፤ የምትፈተነው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። ስወጣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆማ ነበር። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም፤ እውነቱን ለመናገር መልሱን ፈርቼ ነው።

ቸር ያሰማን።